የቅዳሜና የእሑድ በራሪዎች፤ የግላስጎው ከተማ 602ኛ ረዳት የአየር ምድብ ታሪክ

የሠራዊት ታሪክ ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከቱት ጦርነቱን ነው። ማን ከማን ጋራ እንደ ተዋጋ፥ ስንት ሰው እንደ ወደቀ፥ ድሉም የማን እንደ ሆነ ጽፈው ሲያበቁ ሥራቸውን እንደ ጨረሱ ይቈጥሩታል። የሕዝብን ልማድና ማኅበራዊ ኑሮ ለሚመረምር ሰው ግን ከጦርነቱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም አንድ የጦር ክፍል ከየትኛው አገርና ከየትኛው የሕዝብ ወገን እንደ ተውጣጣ፥ አባሎቹን ምን እንዳስተሳሰራቸው፥ ያም ማሰሪያ በተበጠሰ ጊዜ ስሙ ብቻውን ምን ያህል ዘመን ሊኖር እንደሚችል ነው። በእስኮትላንድ በግላስጎው ከተማ በ1925 ዓ.ም. የተቋቋመው 602ኛ የአየር ምድብ ለዚህ ጥያቄ የተመቸ ምሳሌ ነው። ከከተማ የተወለደ፥ የከተማውንም ስም የያዘ፥ ሰዎቹ ከሰኞ እስከ ዓርብ በመጋዘንና በጽሕፈት ቤት ውለው ቅዳሜና እሑድ አይሮፕላን የሚነዱ ምድብ ነበርና። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ተጠባባቂ ጦር ስንል በተለምዶ የምናስበው አንድ ጊዜ በመደበኛው ጦር ውስጥ አገልግሎ ወደ ቤቱ የተመለሰውንና በችግር ጊዜ እንደ ገና የሚጠራውን ሰው ነው። እንግሊዞች «ረዳት አየር ኃይል» ብለው የሰየሙት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ አባሉ ቀድሞ ወታደር ሆኖ የማያውቅ፥ የራሱ ሥራና ገቢ ያለው፥ በሚኖርበት ከተማ በሚገኝ ምድብ በፈቃዱ የተመዘገበ ሰው ነው። ወደ እኛ አገር ታሪክ ብንመለከት ቅርብ ሆኖ የሚታየን የክተት ነጋሪት ሲጐሰም ሞፈርና ቀንበሩን ሰቅሎ፥ ስንቁን ሸክፎ በአገሩ ገዥ ሥር የሚዘምተው ባላገር ነው። በአንድ አገር ልጅነት ተሰልፎ አብሮ መዝመት የሁለቱም ጠባይ ነው። ይሁን እንጂ ተመሳሳይነቱ ከዚህ አይዘልም። የባላገሩ ግዴታ ከመሬቱ ጋራ የተያያዘ ነበር፤ የግላስጎው ሰው ግን ለምድቡ የታሰረው በፊርማው ብቻ ነው። ባላገሩ ጋሻና ጦሩን፥ በኋላም ጠመንጃውን ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ አይሮፕላንን ግን ከቤቱ ይዞ የሚመጣ የለም። ይህ ሁለተኛው ልዩነት ቀላል ቢመስልም የምድቡን ዕድል በመጨረሻ የወሰነው እርሱ መሆኑን ከዚህ በታች እንመለከታለን።

ሐሳቡን ያመነጨው የእንግሊዝ አየር ኃይል ኤታ ማዦር ሹም የነበረው ሂዩ ትሬንቻርድ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀቱ ተቈርጦ፥ ምድረ ጦሩና ባሕር ኃይሉ አዲሱን ኃይል ተከፋፍለው ሊወስዱት ሲያስቡ፥ ትሬንቻርድ አየር ኃይሉ በሕዝቡ መካከል ሥር እንዲሰድ ፈለገ። ምድረ ጦሩ በየአውራጃው ስም የሚጠሩ፥ ከአውራጃውም ሰው የሚመለምሉ ክፍለ ጦሮች ነበሩት፤ አባት ባገለገለበት ልጅ ያገለግላል። አዲስ የተወለደው አየር ኃይል ግን አባትም አያትም አልነበረውም። ስለዚህ በየታላላቁ ከተማ የከተማውን ስም የሚይዝ ምድብ ማቋቋም ማለት ዘመድ የሌለውን ተቋም ከባለ ዘመድ ጋራ ማዛመድ ማለት ነበር። ብዙ ሰዎች ይህን እንደ ቀልድ ቈጠሩት። ጠመንጃ መተኰስ በሳምንት አንድ ቀን ሊለመድ ይችላል፤ መብረር ግን ዕለት ዕለት ካልተለማመዱት የሚገድል ሥራ ነው ይሉ ነበር።

ሕጉ በ1924 ዓ.ም. ወጣ፤ ምድቦቹ ግን መቋቋም የጀመሩት በተከታዩ ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ የአየር ሚኒስትር ሆኖ ሥራውን በትጋት የደገፈው ሳሙኤል ሆር ነበር። አንባቢዎቻችን ይህን ስም የሚያውቁት በሌላ ምክንያት ነው፤ በ1935 ዓ.ም. በወርኀ ዲሴምበር ከፈረንሳዩ ከላቫል ጋራ ተስማምቶ ከኢትዮጵያ ግዛት ሰፊውን ክፍል ለኢጣልያ ለማስረከብ የታሰበውን ዕቅድ ያዘጋጀው እርሱ ነውና። ታሪክ አንድን ሰው በአንድ ገጽ ብቻ እንዳንፈርደው ታስገድደናለች፤ ፍርዱን ግን አትሰርዘውም።

ስለ ቍጥሩም አንድ ነገር ልጨምር። 602 ማለት ከእርሱ በፊት ስድስት መቶ አንድ ምድቦች ነበሩ ማለት አይደለም። ለመደበኛው ጦር ዝቅተኛዎቹ ቍጥሮች ተተውለት፤ እኩሌታው መደበኛ ወታደር ለሆነበት ልዩ ተጠባባቂ ከ500 ጀምሮ፥ ለረዳቱ ደግሞ ከ600 ጀምሮ ተሰጠ። 600ኛውና 601ኛው ለለንደን፥ 602ኛው ለግላስጎው፥ 603ኛው ለኤዲንብራ ደረሰ። ከእነዚህ መካከል በተግባር መጀመሪያ የተቋቋመው በሴፕቴምበር 12 ቀን 1925 ዓ.ም. በሬንፍሩ ሜዳ የተመሠረተው የግላስጎው ምድብ ነው። የግላስጎው ሰዎች ይህን የቀዳሚነት ነገር እስከ ዛሬ ድረስ ሳያነሡት አያልፉም፤ በተለይ የኤዲንብራ ሰው አጠገባቸው ካለ።

የምድቡ ኑሮ እንደሚከተለው ነበር። በከተማው ውስጥ በኮፕሎ ጎዳና የነበረው ጽሕፈት ቤት በሥራ ቀን ማታ ማታ ለትምህርት ይከፈታል፤ ስለ ሞተር፥ ስለ ካርታ ንባብ፥ ስለ መትረየስ በዚያ ይማራሉ። ቅዳሜ ከቀትር በኋላና እሑድ በሜዳው ላይ ይበርራሉ። በየዓመቱም በበጋ ለ15 ቀናት ያህል ሁሉም ከሥራቸው ፈቃድ ወስደው በአንድ የጦር ሠፈር ይከትማሉ። አሠልጣኞችና ቋሚ ሠራተኞች የሆኑ ጥቂት የመደበኛው ጦር ሰዎች በመካከላቸው ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ አይሮፕላኖች ከአንደኛው ጦርነት የተረፉ ዲ ኤች 9 ኤ የሚባሉ ቦምብ ጣዮች ነበሩ፤ ከዚያ ፎን፥ ዋፒቲ፥ ሃርት፥ ሃይንድ እያሉ ተለዋወጡ። በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ ምድቡ ከሬንፍሩ ወደ አቦትሲንች ሜዳ ተዛወረ።

በራሪዎቹ እነማን ነበሩ? በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በራሪ የሚሆነው መኰንን ብቻ ነበር፤ መኰንን ለመሆን ደግሞ ጊዜና ገንዘብ፥ የሚያስተዋውቅም ሰው ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ከነጋዴና ከባለ ፋብሪካ ቤተሰብ፥ ከጠበቆችና ከገንዘብ ደላሎች ወገን የመጡት በዙ። በለንደን የነበረው 601ኛው ምድብ እስከ መጨረሻው «የሚሊየነሮች ምድብ» እየተባለ ሲጠራ ኖሯል፤ የተመሠረተውም በመሳፍንት ልጆች ነው። የግላስጎው ምድብ ግን እንደዚያ አልነበረም ለማለት እደፍራለሁ። ግላስጎው በክላይድ ወንዝ ዳር መርከብ የሚሠራባት፥ የባቡር ሞተር የሚቀጠቀጥባት የእጅ ባለ ሙያ ከተማ ናት። በዚህች ከተማ ባለጸጋ መሆንና እጅን በዘይት ማቈሸሽ እንደ ሌላው አገር የተቃረኑ አልነበሩም። አርቺ ማኬለር የሚባለው፥ በኋላ ስሙ የገነነው በራሪ፥ በአባቱ የሕንፃ ሥራ ድርጅት ውስጥ የለሳኝነት ሙያ የተማረ ሰው ነበር። ጆርጅ ፒንከርተን ደግሞ በሬንፍሩሺር ገበሬ ነበር። ለሳኝና ገበሬ በአንድ የመኰንኖች ግብር ቤት የሚቀመጡበት ምድብ በዚያን ዘመን እንግሊዝ ብዙ አልነበረም። የምድር ሠራተኞቹ ጕዳይ ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል፤ በሳምንቱ ውስጥ በፋብሪካ ብረት ሲያቀልጥና ሲሞርድ የሰነበተው ሰው ቅዳሜ የአይሮፕላን ሞተር ሲፈታ አዲስ ሙያ አይማርም፤ የሚያውቀውን ወደ ሌላ ዕቃ ያሻግራል እንጂ።

የሆነ ሆኖ የመደብ ልዩነቱ እንዳልነበረ አድርጎ መጻፍ እውነትን መሸፈን ይሆናል። በእንግሊዝ አየር ኃይል ውስጥ ብዙ የተደጋገመ አንድ ፌዝ ነበር፤ የመደበኛው ጦር መኰንን ጨዋ ለመሆን የሚታገል ወታደር ነው፤ የረዳቱ መኰንን ወታደር ለመሆን የሚታገል ጨዋ ነው፤ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተውና በራሪነትን ለማንኛውም የተማረ ወጣት የከፈተው የበጎ ፈቃድ ተጠባባቂ ደግሞ ሁለቱንም ያልሆነ ሆኖ ሁለቱንም ለመሆን የሚታገል ነው ይሉ ነበር። ፌዙ ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን መልኩ ይለወጣል። በእኛ የመካከለኛ ዘመን ዜና መዋዕሎች «ጨዋ» የሚባለው በየአውራጃው የሠፈረው የንጉሥ ወታደር ራሱ ነው፤ ቃሉ ለመልካም ጠባይና ለመልካም ትውልድ ምስክር የሆነው በኋላ ነው። ይህ የቃል ጕዞ ለብቻው ሊጠና የሚገባው ነውና እዚህ ላይ እተወዋለሁ።

የምድቡን ስም ከእስኮትላንድ ውጭ ያስጠራው ጦርነት ሳይሆን ተራራ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የምድቡ አዛዥ የነበረው ሎርድ ክላይድስዴል የሃሚልተን መስፍን የመጀመሪያ ልጅና አልጋ ወራሽ፥ የፓርላማ እንደራሴ፥ በቦክስ ግጥሚያም የእስኮትላንድ ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው። ከእርሱ ጋራ የሚበርረው ዴቪድ ማኪንታየር የግላስጎው ተወላጅ ነበር። በኤፕሪል 3 ቀን 1933 ዓ.ም. ሁለቱ በሁለት የዌስትላንድ አይሮፕላኖች ከሕንድ ከፑርኒያ አጠገብ ተነሥተው በዓለም ከፍተኛ ከሆነው ከኤቨረስት ተራራ በላይ በረሩ። ከዚያ በፊት ይህን ያደረገ ሰው አልነበረም። ገንዘቡን የሰጠችው ሌዲ ሂውስተን የምትባል ባለጸጋ ሴት ናት፤ የኔፓል መንግሥትም በግዛቱ ላይ እንዲበሩ ፈቀደላቸው። ክላይድስዴል ኮሎኔል ብላከርን፥ ማኪንታየር ደግሞ ቦኔት የሚባለውን ፎቶግራፍ አንሺ ይዘው ነበር። ወደ ተራራው ሲጠጉ ወደ ታች የሚጐትት ኃይለኛ ነፋስ አይሮፕላኖቹን ዝቅ አደረጋቸው። የቦኔት የመተንፈሻ ቱቦ ተሰነጠቀ፤ በመሐረብ አስሮ ጥቂት ከሠራ በኋላም ራሱን ሳተ። ማኪንታየር የጓደኛውን ሁኔታ ዞሮ እያየ ወደ ፊት ከመሄድ ሌላ ማድረግ የሚችለው ነገር አልነበረም። አይሮፕላኑ ዝቅ ሲል ቦኔት ነፍሱ ተመለሰ። የተነሡት ፎቶግራፎች ግን አቧራው ስለ ጋረዳቸው ለካርታ ሥራ አልበቁም፤ ስለዚህም በዚያው ወር በ19ኛው ቀን ከተሰጣቸው ትእዛዝ ውጭ እንደ ገና ወጥተው በረሩ። እዚህ ላይ የረዳቱ ጠባይ በግልጽ ይታያል። መደበኛ መኰንን እንዲህ ያለውን አለመታዘዝ በማዕርጉ ይከፍልበት ነበር፤ ወደ ፓርላማ ወንበሩ የሚመለስ ሰው ግን የሚፈራው አዛዥ አልነበረውም።

ከዚህ ድል በኋላ ሁለቱ ሰዎች በ1935 ዓ.ም. በፕሬስትዊክ የእስኮትላንድ የአቪዬሽን ኩባንያን አቋቋሙ። ይህ ሜዳ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአሜሪካ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ተሻግረው ለሚመጡት አይሮፕላኖች ዋና መድረሻ ሆነ። ስለዚህ የምድቡ ፍሬ የሚቈጠረው በተጣሉት የጠላት አይሮፕላኖች ብቻ አይደለም፤ ከተማዋ በራሷ ልጆች አማካይነት የአየር ኢንዱስትሪ ባለቤት ሆናለች።

በ1939 ዓ.ም. ምድቡ የተዋጊ አይሮፕላን ምድብ ሆነ፤ በወርኀ ሜይም ከብዙዎቹ የመደበኛው ጦር ምድቦች ቀድሞ፥ ከረዳቶቹም ሁሉ የመጀመሪያ ሆኖ ስፒትፋየር የሚባለውን አዲስ አይሮፕላን ተቀበለ። በኦገስት መጨረሻ ሁሉም ሥራቸውን ትተው እንዲከትቱ ተጠሩ። ያን ጊዜ 14 ዓመት የተጠራቀመ ልምምድ በእጃቸው ነበር፤ እርስ በርሳቸው ደግሞ ከወታደራዊ ትውውቅ ይልቅ የጐረቤትነት ትውውቅ ነበራቸው።

በኦክቶበር 16 ቀን 1939 ዓ.ም. የሆነውን ነገር ዘርዘር አድርጌ ለመናገር እፈልጋለሁ። ከቀትር በኋላ የጀርመን ዩንከርስ 88 ቦምብ ጣዮች በኤዲንብራ አጠገብ በፎርዝ ባሕረ ሰላጤ ላይ በቆሙት የጦር መርከቦች ላይ አደጋ ጣሉ። በብሪታንያ ምድር ላይ በዚያ ጦርነት የተደረገ የመጀመሪያው የአየር ወረራ ይህ ነው። በከተማው የማስጠንቀቂያ ደወል አልተሰማም፤ ሕዝቡም በመንገድ ላይ ቆሞ ልምምድ መስሎት ወደ ሰማይ ይመለከት ነበር። ቦምቡ ሲወድቅ በትልቁ የፎርዝ ድልድይ ላይ ባቡር ይጓዝ ነበርና ተሳፋሪዎቹ ውኃው ወደ ላይ ሲፈናጠር በመስኮት አዩ። በመርከቦቹ ላይ አሥራ ስድስት የባሕር ኃይል ሰዎች ሞቱ። የተከላከሉት የግላስጎው 602ኛና የኤዲንብራ 603ኛ ምድቦች ናቸው፤ ይህም ማለት የታላቋ ብሪታንያን ሰማይ መጀመሪያ የተከላከሉት በደመወዝ የሚያድሩ ወታደሮች ሳይሆኑ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ሲል ሲቪል የነበሩ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያውን አይሮፕላን ወደ ባሕር የጣለው የ603ኛው ፓትሪክ ጊፈርድ፥ በሲቪል ሥራው የካስል ዳግላስ ከተማ ጠበቃ ነበር። ከእርሱ ጥቂት ዘግይተው ፒንከርተንና ማኬለር ሁለተኛውን በክሬይል ትይዩ አወረዱ።

እነሆ፥ ጠብ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ከሁለቱ ከተሞች የትኛው ቀደመ? ልዩነቱ የደቂቃዎች ነው፤ የታሪክ ጸሐፊዎችም አብዛኞቹ ቀዳሚነቱን ለኤዲንብራ ይሰጣሉ። ነገር ግን በዚያው ወር በ28ኛው ቀን አንድ ሃይንክል በሃምቢ አጠገብ በምድር ላይ ተገድዶ ወረደ፤ በብሪታንያ መሬት ላይ የወደቀው የመጀመሪያው የጠላት አይሮፕላን እርሱ ስለ ሆነ ግላስጎው በማኬለር ስም ይህኛውን ትጠይቃለች፤ ኤዲንብራም ድርሻዋን አትተውም። ከጥንት ጀምሮ በንግድና በዕውቀት፥ ኋላም በእግር ኳስ የሚፎካከሩት ሁለቱ ከተሞች በሰማይም ላይ ድንበራቸውን ሊያሰምሩ ተነሡ። ይህ ክርክር ለጦር ታሪክ ከንቱ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ስለ ረዳት ምድብ ምንነት ከሚነግሩን ማስረጃዎች አንደኛው እርሱ ነው እላለሁ፤ የመደበኛው ጦር ሁለት ምድቦች በአንድ አይሮፕላን ቢከራከሩ ጕዳዩ የሁለት አዛዦች ነው፤ በዚህኛው ግን ተከራካሪዎቹ ከተሞች ናቸው።

ከዚያ ቀን ጋራ የተያያዘ አንድ ሥርዐት አለ። በባሕሩ ላይ ከሞቱት ጀርመናውያን የሁለቱ ሬሳ በኤዲንብራ በወታደራዊ ክብር ተቀበረ፤ በከረጢት የሚነፋው የእስኮትላንድ ዋሽንት ተነፋላቸው፤ ብዙ ሕዝብም በመንገድ ዳር ቆሞ ሸኛቸው። ከአንድ ዓመት በኋላ፥ የከተሞች ድብደባ ከተጀመረ ወዲህ፥ እንዲህ ያለ ቀብር ሊደረግ መቻሉን እጠራጠራለሁ።

በኦገስት 1940 ዓ.ም. ምድቡ ከእስኮትላንድ ወደ ደቡብ እንግሊዝ ወደ ዌስትሃምፕኔት ሜዳ ተላከ፤ እስከ ዲሴምበርም በዚያ ተዋጋ። አዛዡ ሳንዲ ጆንስቶን የ24 ዓመት ወጣት ነበር። በዚያ የብሪታንያ ውጊያ ተብሎ በሚታወቀው ትግል ከረዳቶቹ ምድቦች 14ቱ ተካፍለዋል። ውጊያው በየመጻሕፍቱ በሰፊው የተጻፈ ስለ ሆነ አልደግመውም። ለእኛ ጥያቄ የሚያስፈልገው በዚያ በጋ በምድቡ ውስጥ የሆነው ለውጥ ነው። የሞተውንና የቈሰለውን፥ ወደ ሌላ ምድብ አዛዥ ሆኖ የተላከውንም የሚተኩ ሰዎች ከየአገሩ መጡ። የመጡት ሰዎች የግላስጎውን ጎዳናዎች የማያውቁ እንግሊዛውያን፥ ከበጎ ፈቃድ ተጠባባቂውም የወጡ የሃምሳ አለቃ ማዕርግ ያላቸው በራሪዎች ነበሩ። ማኬለር ራሱ ወደ 605ኛው፥ ማለት ወደ ዎሪክ አውራጃ ረዳት ምድብ ተዛውሮ አዛዥ ሆነ። በኦክቶበር 7 ቀን 1940 ዓ.ም. በአንድ ቀን አምስት የጠላት ተዋጊዎች እንደ ጣለ ተመዘገበለት። የወደቀው ግን በኖቬምበር 1 ቀን ነው። መንግሥት ውጊያው በኦክቶበር 31 ቀን አበቃ ብሎ ስለ ወሰነ፥ አንድ ቀን ብቻ ዘግይቶ የሞተው ለሳኝ በውጊያው ሙታን መዝገብ አልገባም። ወሰን የሚያሰምር ጸሐፊ በብዕሩ አንድ መሥመር ምን ያህል እንደሚቈርጥ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ የግላስጎው ምድብ፥ ማለት በ1925 ዓ.ም. የተፀነሰው የአገር ልጆች ማኅበር፥ ያለቀው በ1957 ዓ.ም. ሳይሆን በ1940 ዓ.ም. መጸው ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ የኖረው ስሙና ዓርማው ነው። ዓርማው በእስኮትላንድ መስቀል ፊት የቆመ አንበሳ ሲሆን፥ በላቲን የተጻፈው ቃልም «የተሠቃየውን አንበሳ ተጠንቀቅ» ይላል። በ1942 ዓ.ም. መጀመሪያ ምድቡን የመራው በደብሊን የተወለደው የ21 ዓመቱ አየርላንዳዊ ፓዲ ፊኑኬን ነው። በ1943 ዓ.ም. ከበራሪዎቹ አንዱ ፈረንሳዊው ፒየር ክሎስተርማን ነበር። በ1944 ዓ.ም. በኖርማንዲ አዛዡ ክሪስ ለ ሩ የደቡብ አፍሪካ ሰው ነበር፤ በጁላይ 17 ቀን የማርሻል ሮሜልን አውቶሞቢል የመታው እርሱ ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ ሌሎች ግን ይህን ለአንድ ካናዳዊ በራሪ ይሰጣሉ። ለ ሩ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በባሕር ላይ ጠፍቶ ቀርቷልና ክርክሩን የሚቈርጥ ቃል ከእርሱ አልተገኘም። ይህን ሁሉ የምናገረው የእነዚህን ሰዎች ጀግንነት ለማሳነስ አይደለም። ግን የአንድ ከተማ ስም በአየርላንዳዊና በፈረንሳዊ፥ በደቡብ አፍሪካዊም ትከሻ ላይ ተሸክሞ ሲሄድ ስናይ፥ ስሙ ከሰዎቹ ተለይቶ የራሱ ሕይወት እንዳገኘ መቀበል አለብን። አዲስ የሚመጣው ሰው ግላስጎውን አይቶ ባያውቅም አንበሳውን በሥራ ልብሱ ላይ ሲሰፋ የከተማው ልጅ ይሆናል፤ ይህም በብዙ ሕዝቦች ዘንድ እንግዳ በሥርዐት ወደ ጐሣ ሲገባ ከምናየው የተለየ አይደለም።

ከጦርነቱ ታሪክ ሳልወጣ አንድ እንግዳ ነገር ልጥቀስ። በሜይ 10 ቀን 1941 ዓ.ም. የሂትለር ምክትል የነበረው ሩዶልፍ ሄስ ብቻውን በአይሮፕላን መጥቶ ከግላስጎው በስተ ደቡብ በኢግልሻም በጃንጥላ ወረደ። የፈለገው ሰው የሃሚልተን መስፍን፥ ማለት የቀድሞው የ602ኛው አዛዥ ክላይድስዴል ነበር። መስፍኑ በ1936 ዓ.ም. በበርሊን ከጀርመናዊው ሊቅ ከአልብሬኽት ሃውስሆፈር ጋራ ተዋውቆ ነበርና ሄስ በእርሱ በኩል ሰላም ለማድረግ የሚቻል መስሎት ነበር። ሄስ መስፍን የሆነ ሰው ሁሉ መንግሥትን ሊያዝዝ ይችላል ብሎ ያሰበ ይመስላል፤ የባዕድን አገር ማዕርግ በራስ አገር መነጽር ማየት ከዚህ ያደርሳል።

ምድቡ በሜይ 1945 ዓ.ም. ተበተነ፤ በተከታዩ ዓመት በአቦትሲንች እንደ ገና ተቋቋመ። ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ በ1947 ዓ.ም. ለረዳት አየር ኃይል «ንጉሣዊ» የሚለውን የማዕርግ ስም ሰጡት። በ1951 ዓ.ም. በራሪዎቹ በኮርያ ጦርነት ምክንያት ለሦስት ወር ተጠሩ፤ በዚያው ዘመን ቫምፓየር የሚባለውን ጄት ተረከቡ። ከዚህ በኋላ በጃንዋሪ 1957 ዓ.ም. መንግሥት ሃያዎቹ የረዳት በራሪ ምድቦች እንዲዘጉ መወሰኑን አስታወቀ፤ በማርች 10 ቀን ሁሉም በአንድ ቀን ተዘጉ።

የተሰጠው ምክንያት አዲሶቹ ጄቶች ለቅዳሜና ለእሑድ በራሪ እጅግ የረቀቁ ሆነዋል የሚል ነው። ይህ ትሬንቻርድ በ1920ዎቹ የሰማው መከራከሪያ ራሱ ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ተመልሶ መጥቶ አሸነፈ። ምክንያቱ ከንቱ ነው አልልም፤ ጄቱ ረጅም ሜዳና ብዙ ሠራተኛ፥ ብዙም የበረራ ሰዓት ይጠይቃል። ግን በዚያው ዘመን በአሜሪካ የየክፍለ ግዛቱ የአየር ዘብ በራሪዎች፥ እነርሱም ሥራቸው ሌላ የሆነ ሰዎች፥ ከድምፅ የሚፈጥኑ ጄቶችን ይነዱ ነበር፤ በ1961 ዓ.ም. የበርሊን ቀውስ በተነሣ ጊዜም ውቅያኖስ ተሻግረው ወደ አውሮፓ መጥተዋል። እንግዲያው የማይቻል የነበረው ነገር መብረሩ ሳይሆን መክፈሉ ነው። በኤፕሪል 1957 ዓ.ም. የወጣው የመከላከያ ሚኒስትሩ የደንከን ሳንዲስ የዕቅድ መግለጫ ወደ ፊት ሰማዩን የሚጠብቀው ሮኬት ነው ብሎ በማመኑ ለሰው በራሪ የሚወጣው ገንዘብ እንዲቀነስ አደረገ፤ ከሁሉ አስቀድሞ የተቈረጠውም በሚኒስቴሩ ውስጥ ጠበቃ ያልነበረው ረዳቱ ነው። መሣሪያውን ከቤቱ ይዞ የሚመጣ ባላገር መሣሪያውን የሚከለክለው የለም፤ መሣሪያው የመንግሥት የሆነበት በጎ ፈቃደኛ ግን መንግሥት የሃንጋሩን በር በዘጋ ቀን ፈቃዱ ብቻ በእጁ ይቀራል።

አቦትሲንች ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ የግላስጎው የሲቪል አይሮፕላን ማረፊያ ሆነ። ማኪንታየር ምድቡ በተዘጋበት በዚያው በ1957 ዓ.ም. በዲሴምበር በሊቢያ ኩባንያው የሠራውን አይሮፕላን ሲያሳይ በአደጋ ሞተ። ምድቡ ከጦርነቱ በኋላ ይጠቀምበት የነበረ ኤል ኤ 198 የሚል ቍጥር ያለው ስፒትፋየር በከተማው በኬልቪንግሮቭ ቤተ መዘክር ጣሪያ ላይ ተሰቅሏል። በ2006 ዓ.ም. 602ኛው ምድብ በስሙና በአንበሳው እንደ ገና ተቋቋመ፤ አባሎቹ ከሥራቸው በተረፈ ጊዜ የሚያገለግሉ የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ ሥራቸው ግን በምድር ላይ መደበኛውን ኃይል መርዳት ነውና አይሮፕላን አልተሰጣቸውም።